ክብደቱ በየት በኩል ይሁን? ስለ ጎልፍ ዱላና ስለ እጅ ሚዛን

በዚህ አምዳችን እንደ ልማዳችን ስለ እጅ ሥራና ስለ መሣሪያ እንጨዋወታለን። የዛሬው ርእሳችን ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ጎልፍ ዱላ ነውና። ሆኖም ገጹን ከመገልበጣችሁ በፊት ጥቂት ታገሡን። ነገሩ የጎልፍ ብቻ አይደለም። መጥረቢያ ያነሣ፣ መዶሻ የጨበጠ፣ እርፍ ይዞ ያረሰ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጉዳይ ነው። ይኸውም የመሣሪያው ክብደት በየት በኩል ቢሆን እጅ ይረጋጋል? የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን ያቀረቡልን በጡረታ ላይ የሚገኙ አንድ የአሽቀሎን ነዋሪ አባት ናቸው። ለብዙ ዓመታት በአትክልተኝነት ሲሠሩ ኖረዋል። ከቀድሞ አሠሪዎቻቸው አንዱ ያረጀ የጎልፍ ዱላ ሰጣቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር በሣር ላይ መጫወት ጀመሩ። «ኳሷን ልመታ ስል እጄ ትደነግጥብኛለች። በዱላው ጫፍ ክብደት ቢጨመር ይበጃል አሉኝ። ሱቅ ብጠይቅ ግን ለአንዲት ቁራጭ ብረት የጠሩት ዋጋ አስደነገጠኝ። ነገሩ እውነት ነው ወይስ ገንዘብ መብያ?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን።

ጨዋታው ምን ይመስላል?

በአገር ቤት ሳለን በታኅሣሥ መጨረሻ ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች የገናን ጨዋታ ሲጫወቱ አይተናል። ጫፉ በቆለመመ ዱላ እሩሯን እየመቱ ሜዳውን ያቋርጡ ነበር። በዚያ ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፉ እንደነበርም እናስታውሳለን። ጎልፍም ዱላና ኳስ ነው፤ ግን ግፊያ የለበትም። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኳስ ብቻ እየመታ በጥቂት ምት ወደ ጉድጓድ ለማስገባት ይሞክራል። ሙሉ ሜዳ 18 ጉድጓዶች አሉት። የጉድጓዱ አፍ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ሲሆን የኳሷ ክብደት ከ46 ግራም አያልፍም።

አንድ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ ይዞ መግባት ይፈቀድለታል። ከእነዚህ ውስጥ ፓተር የሚባለው ኳሷን ለማስወንጨፍ አያገለግልም። በደንብ በተከረከመው ሣር ላይ ኳሷን ቀስ አድርጎ ወደ ጉድጓዱ ለማንከባለል የተሠራ ነው። ሥራው ትንሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በ72 ምት እንዲያልቅ በተቀየሰ ሜዳ 36ቱ ምት ለፓተር የታሰበ ነው። ስለዚህ ጨዋታው የሚጠፋውም የሚለማውም በዚህች ዱላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በእስራኤል ጎልፍ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚጠቀሰው የቄሳርያ ሜዳ ነው። ከአሽቀሎን በስተሰሜን ወደ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይገኛል። በ1961 ዓ.ም. በሮትስቺልድ ቤተሰብ ድጋፍ በባሕር ዳር አሸዋ ላይ ተከፈተ። በ2009 ደግሞ ፒት ዳይ በተባለው አሜሪካዊ ቀያሽ ንድፍ ታድሷል። በዚያች ከተማ ያደገችው ሌቲሲያ ቤክ በቤልጅየም ተወልዳ በልጅነቷ ወደ እስራኤል የመጣች ናት። በ2016 ዓ.ም. ጎልፍ ከ1904 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሎምፒክ ሲመለስ በሪዮ ደ ጃኔይሮ እስራኤልን ወክላ ተጫውታለች። እርሷም እንደኛው ኦላ ናት። ልጆቻችን ይህን ቢያውቁ መልካም ነው። ሜዳው የሌሎች ብቻ መስሎ የሚታያቸው ልጆች ብዙ ናቸውና።

የአህያ ጭነትና የዱላ ጭነት

አሁን ወደ ክብደቱ እንምጣ። አህያ የጫነ ሰው ይህን ለማስረዳት መምህር አያስፈልገውም። ጭነቱ በአንድ ወገን ከከበደ መንገድ ላይ ይዘነብላል፤ እንስሳውንም ይጎዳል። ጫኙ ምን ያደርጋል? ከከበደው ወገን የሚቀንሰው ከሌለ በቀለለው ወገን ድንጋይ ያክላል። አህያዋ የምትሸከመው ጠቅላላ ክብደት ይጨምራል፤ አካሄዷ ግን ይስተካከላል። የፓተር ማመጣጠኛ ክብደትም ከዚህ የራቀ አይደለም። የዱላው ራስ ከታች ከባድ ነው፤ ስለዚህ ከላይ በእጀታው ጫፍ ክብደት ይታከላል።

በቁጥር እንየው። የተለመደ ፓተር ርዝመቱ ከ84 እስከ 89 ሴንቲ ሜትር ነው። ራሱ 350 ግራም፣ ዘንጉ 120 ግራም፣ የእጀታው ልባስ 70 ግራም ይመዝናል እንበል። ዱላውን በጣት ላይ አጋድመን ወዲያም ወዲህም ሳይወድቅ የሚቆምበትን ቦታ ብንፈልግ፣ ከራሱ ወደ 19 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እናገኘዋለን። ይህ የሚዛን ነጥብ ይባላል። አሁን በእጀታው ጫፍ 50 ግራም ብንጨምር የሚዛኑ ነጥብ ወደ 24 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይወጣል። 100 ግራም ብንጨምር ደግሞ 29 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ማለትም ክብደቱ ወደ እጃችን እየቀረበ ይመጣል።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ጠቅላላው ክብደት ስለጨመረ ዱላው በትንሽ ንቅናቄ አይደነብርም። ሁለተኛ፣ ክብደቱ በሁለቱ ጫፍ ስለተከፈለ በድንገት ለመጠምዘዝ እምቢተኛ ይሆናል። ሁለት ባልዲ በሁለቱ ጫፍ የተንጠለጠለበትን ረጅም እንጨት በትከሻችሁ ይዛችሁ ድንገት ለመዞር ብትሞክሩ እንጨቱ እንደሚዘገይ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የዱላው ራስ ከበፊቱ የቀለለ ይመስላል። ይህ ሦስተኛው ለአንዳንዱ ጥቅም፣ ለአንዳንዱ ጉዳት ነው። ራሱ የት እንዳለ በእጁ እየተሰማው መምታት የለመደ ሰው ግራ ይጋባል። በዚህም ምክንያት ፋብሪካዎች እንዲህ ያለ ዱላ ሲሠሩ ብዙውን ጊዜ ራሱንም አክብደው ወደ 400 ግራም ያደርሱታል፤ ዘንጉንም እስከ 96 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስረዝሙታል። ተጫዋቹም ዝቅ ብሎ ስለሚይዘው ትርፉ ከእጁ በላይ ይቀራል።

ነገሩ ለምን በቅርብ ዓመታት ገነነ?

ምክንያቱ የሕግ ለውጥ ነው። እጃቸው የሚደነግጥባቸው ተጫዋቾች ቀደም ሲል ሌላ መላ ነበራቸው። ረጅም ፓተር ይይዙና ጫፉን ሆዳቸው ወይም ደረታቸው ላይ ተክለው እንደ ሰዓት ጥንጥን ያወዛውዙት ነበር። በ2011 ዓ.ም. ኪገን ብራድሊ፣ በ2012 ዌብ ሲምፕሰንና ኤርኒ ኤልስ፣ በ2013 አዳም ስኮት ታላላቆቹን ውድድሮች እንዲህ ባለ አያያዝ አሸነፉ። ይህን ያዩት ሕግ አውጪዎች፣ ማለትም የአሜሪካው የጎልፍ ማኅበርና የስኮትላንዱ አር ኤንድ ኤ፣ በግንቦት 2013 ውሳኔያቸውን አሳወቁ። ከጥር 1 ቀን 2016 ጀምሮ ዱላን በአካል ላይ ተክሎ መምታት ተከለከለ። ረጅሙ ዱላ ራሱ አልተከለከለም፤ የተከለከለው ደረት ላይ መትከሉ ነው።

በዚህ ውሳኔ ብዙ ሽማግሌዎችና እጃቸው የማይታዘዝላቸው ሰዎች አዝነው ነበር። ሐዘናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎበዞቹ ዋንጫ ስለበሉበት የተወሰደው መደገፊያ ለደካማው ምርኩዝ ነበርና። ማመጣጠኛ ክብደት የዚያን ጊዜ ገበያው የደራው ሰዎች ምርኩዛቸውን ሲያጡ ሌላ ስለፈለጉ ነው። ክብደት መጨመር በሕጉ የተፈቀደ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ፦ በውድድር ላይ ከሆናችሁ ክብደቱን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አስተካክላችሁ ግቡ። በጨዋታው መሐል መጨመርም መቀነስም አይቻልም።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት

ጠያቂያችን አባት ሆይ፣ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ይህን ይሞክሩ። የአምስት ሰቅል ሳንቲም 8.2 ግራም ይመዝናል። ስድስት ሳንቲም ደርበው በናስትሮ ቢጠቀልሉ 49 ግራም ይሆናል፤ ሱቅ ውስጥ ከሚሸጠው የ50 ግራም ክብደት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። የሳንቲሙ ስፋት 24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በእጀታው ጫፍ ላይ በደንብ ይቀመጣል። በናስትሮ አጥብቀው ይሰሩት። ሙከራው ሲያልቅ ሠላሳ ሰቅልዎ ወደ ኪስዎ ይመለሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ዱላውን በጣትዎ ላይ አጋድመው የሚዛን ነጥቡን ያግኙና በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። ከዚያም ከሁለት ሜትር ርቀት ያለ ምንም ጭማሪ አሥር ጊዜ ይምቱ፤ ስንቱ እንደገባ ይጻፉ። በመቀጠል በሦስት ሳንቲም፣ በስድስት ሳንቲም፣ በዘጠኝ ሳንቲም እንዲሁ አሥር አሥር ጊዜ ይምቱ። የልጅ ልጅዎ ይቁጠር፤ ሰው ለራሱ ሲቆጥር ያዳላልና። ይህን በአንድ ቀን አይወስኑት። አዲስ ነገር የመጀመሪያውን ቀን ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። በሦስት የተለያዩ ምሽቶች ሞክረው ቁጥሩ ከተሻሻለ ክብደቱ ጠቅሞዎታል። ካልተሻሻለ ደግሞ ወጪው ናስትሮ ብቻ ነው።

ክብደቱን ስለ መግጠም

ሙከራው ከሠመረ በቋሚነት የሚገጠምባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ጫፉ ጥርስ የወጣለት የእጀታ ልባስ ገዝቶ ክብደቱን እንደ ብሎን ማሰር ነው። ይህ ቀላልና ንጹሕ ነው፤ ግን ልባሱን መለወጥ ይጠይቃል።

ሁለተኛው በዘንጉ ውስጥ የሚገባ ክብደት ነው። የዘንጉ የላይኛው ጫፍ ባዶ ቱቦ ሲሆን ውጫዊ ስፋቱ ወደ 15 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በልባሱ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ሰፋ ትደረግና ዙሪያውን ጎማ የያዘው ክብደት ይገባል። አለን በሚባለው ባለ ስድስት ጎን መፍቻ ሲጠብቅ ጎማው እየተጨመቀ ይሰፋና የቱቦውን ግድግዳ ይነክሳል። ሲፈቱት ይወጣል። ለኛ ይህ የተሻለ መስሎ ይታየናል፤ መለስ ብሎ ማስተካከል ያስችላልና። ዘንጉ ከካርቦን የተሠራ ከሆነ ግን እጅግ አታጥብቁት፤ ይሰነጠቃል።

ሦስተኛው ልባሱን ገፍፎ በዘንጉ ላይ የእርሳስ ብረት ጥብጣብ መጠቅለልና ልባሱን መመለስ ነው። ርካሹ መንገድ ይህ ነው። ይሁን እንጂ የእርሳስ ብረት መርዝ መሆኑን አትርሱ። ጥብጣቡን ልጆች እንዳይነኩት፣ በምግብ ጠረጴዛ ላይ እንዳይቆረጥ፤ ከሥራው በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከተንግስተን የተሠራ ክብደት ዋጋው ቢወደድም ከዚህ ስጋት ነፃ ነው።

በማናቸውም መንገድ ቢሆን ክብደቱ በውስጥ የሚንኳኳ ከሆነ አልተገጠመም ማለት ነው። ዱላውን ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ድምፅ ካለ ፈትታችሁ እንደገና አጥብቁት።

እጅ ለምን ይደነግጣል?

ይህ ክፍል ጎልፍ ለማይጫወቱ አንባቢዎቻችንም ነው። በስፖርተኞች ዘንድ ዪፕስ የሚባል ችግር አለ፤ ልክ ኳሷ ልትመታ ስትል እጅ ሳይታዘዝ ብልጭ ይላል። ሐኪሞች ሁለት ዓይነት መነሻ እንዳለው ይናገራሉ። አንዱ ጭንቀት ነው። ሌላው አንድን ንቅናቄ ለዓመታት ከመደጋገም የተነሣ በነርቭ ላይ የሚመጣ መዛባት ነው። ክብደት ንቅናቄውን ሊያለዝበው ይችላል፤ ምንጩን ግን አያደርቀውም።

እጃችሁ የሚንቀጠቀጠው ኳስ ስትመቱ ብቻ ካልሆነ፣ ማለትም ስኒ ስታነሡ፣ ፊርማ ስትፈርሙ፣ ወይም እጃችሁ በጉልበታችሁ ላይ አርፎ ሳለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ወደ ጎልፍ ሱቅ ሳይሆን ወደ ኩፓት ሆሊም ሂዱ። የቤተሰብ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ብዙ አባቶችና እናቶች «እርጅና ነው» እያሉ ዝም ይላሉ። በእንግዶች ፊት ቡና እንዳይፈስባቸው ፈርተው ስኒ ማንሣት የተዉም አሉ። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሪፑይ በዒሱቅ በሚባለው ሕክምና ባለሞያዎች እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች እጀታው የከበደ ማንኪያና ሹካ የሚያስሞክሩበት ጊዜ አለ። ሐሳቡ ከጎልፉ ዱላ ጋር ይዛመዳል። አንዳንዱን ይረዳል፤ አንዳንዱን አይረዳም። መጠየቅ ግን ምንም አያስከፍልም። ዕብራይስጡ የሚያስቸግራቸው ወላጆች ካሉ፣ ልጆች ሆይ፣ አብራችኋቸው ሂዱ።

የአሽቀሎን ክብደትና የአባቶቻችን እጅ

የምንኖርባት ከተማ ራሷ ስለ ክብደት የምትነግረን አላት። ከ1985 እስከ 2016 ዓ.ም. በአሽቀሎን በተካሄደው የሌዮን ሌቪ ቁፋሮ፣ በፕሮፌሰር ሎውረንስ ስቴገር መሪነት ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ከመቶ በላይ ያልተተኮሱ የሸክላ ድብልብሎች አግኝተዋል። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት እዚህ የሠፈሩት ፍልስጥኤማውያን የሽመና ክብደቶች ናቸው። ድሩን ከላይ አንጠልጥለው እነዚህን በታች እያሰሩ ክሩን ይወጥሩት ነበር። ክብደቱ ከቀለለ ድሩ ይላላል፤ ከከበደ ክሩ ይበጠሳል። በመሬት ጉድጓድ አፍ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ ሸማ የሠራ አባት ይህን ቢያይ የሽመናው ስልት ቢለያይም የድር ውጥረት ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ከዚህ ጋር አንድ የሚያሳስበንን ጉዳይ እናንሣ። በጎንደርና በአካባቢው ይኖሩ ከነበሩት ወገኖቻችን መካከል ብዙዎቹ ወንዶች ብረት ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ብዙዎቹ ሴቶች ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ገበሬው ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ቢላዋውን ከእኛ ሰዎች ይወስድ ነበር። ለዚያ ሥራ የተከፈላቸው ክብር ግን አልነበረም። ቡዳ ተብለው ተሰደቡ፤ እጃቸው የሠራውን እየፈለጉ ራሳቸውን ሸሹአቸው። ከዚያም በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ያህል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ሲመጣ፣ ያ ዕውቀት አብሮ መጣ። እዚህ ደግሞ ስድቡ ቀረና ሌላ ነገር ገጠመው፤ የሚጠይቀው ሰው አጣ። በቅጹ ላይ «ሞያ» በሚለው መስመር ምንም ሳይጻፍበት የቀረ ባለ እጅ ስንት ነው?

እስቲ አስቡት። ማጭድ ሲሠራ ስለቱ ከከበደ የአጫጁ እጅ በቀን መጨረሻ እንደሚዝል፣ እጀታው ከከበደ ደግሞ ስለቱ እንደማይበላ ያውቅ የነበረ ሰው፣ ዛሬ በጎልፍ መሥሪያ ቤት በገንዘብ የሚሸጠውን ዕውቀት ዋናውን ክፍል ይዟል። ፋብሪካው በግራም ይለካዋል፤ እርሱ በእጁ መዝኖ ይለየው ነበር። ልዩነቱ በመለኪያው ነው እንጂ በዕውቀቱ አይደለም። እርፉን ጫን ወይም ለቀቅ በማድረግ የማረሻውን ጥልቀት ይቆጣጠር የነበረውም ገበሬ እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ለጠያቂያችን አባት መልሳችን ይህ ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። በሳንቲም ይሞክሩት፤ ከጠቀመዎት ትንሿን ክብደት ይግጠሙ፤ ካልጠቀመዎት ይተዉት። እጅዎ በሌላም ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ለወጣቶቻችን ደግሞ አንድ አደራ አለን። በቤታችሁ መዶሻ፣ መጥረቢያ ወይም ቢላዋ ካለ ወስዳችሁ ለአያታችሁ ስጧቸው። «አባባ፣ ይህ በየት በኩል ከበደ? እንዴትስ ቢሆን ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን በአማርኛም በዕብራይስጥም ጻፉት። ልካችሁልን በዚህ አምድ ብናወጣው ደስ ይለናል።

ቸር ይግጠመን።